ሳታንኳኪ የከፈትሽው በር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ ተሻለው? ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊ፤ ባልሽ እንደሆነ አያስታውስሽም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሆቴል አንሶላ መተኮስ ያመጣው ነው እንጂ አንቺ እንደምታስቢው አይደለም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጎማ ነጋዴውን ካላገባሁ በልጅሽ ሰርግ ላይ ዓይንሽን እንዳላይ ብለሻል። ያቺን ልጅ ጡት ከጣለች ጀምሮ እስክትመረቅ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የት ቢመቱኝ እንደሚያመኝ ታውቂያለሽ። ይሁን።

አሁን ግን እንነጋገር፤ እስከ መቼ በሆዴ ይዤው? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ፣ በእረፍት ቀኔ ብቻዬን ነበርኩ። ለዓይንሽ ሕክምና መጥተሽ እኔ ጋ ያረፍሽው አንቺ ከሐኪም ቤት ቀደም ብለሽ ተመለስሽና ሳታንኳኪ በሩን ከፈትሽው። አንድ ዓይንሽ በፋሻ ተሸፍኖ እንኳ ማየት የሌለብሽን አየሽ! ብርድ ልብሱን እስክጎትት ድረስ ቤቱን በጩኸት አቀለጥሽው። በኋላም በሽታ ነው፣ እርግማን ነው፣ ዓይን ያጠፋል አልሽኝ። እስቲ አሁን እትዬ፣ ከሁለታችን ዓይኗን የታመመችው ማን ናት?

ይህንንስ በሳቅ ባለፍኩት። አንጀቴን የቆረጠው ለጋሼ መንገርሽ ነው። ወንድማችን ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጥቶ ሳሎኔ ተቀመጠ። የነገሩን ስም የሚደፍር ጠፍቶ አንዱ ችግሯ ይላል፣ ሌላው ብቸኝነቷ ይላል፤ ብቻ ሦስት ወንዶች ስለ ገላዬ ሲመክሩ ሻይ የቀዳሁላቸው እኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መድኃኒቱም ጎማ ነጋዴው ሆነ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልብስ የሚያጥብለት ያጣ ሰው። የእሱን ካልሲ እያጠብኩ እንድድን ነው እንግዲህ።

አስፈራርተሽኝ ስለነበር እንቅልፍ አጣሁና ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሴት ናት። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳት፤ ቀና በይ አለችኝ። ስሙ ግለ ወሲብ ይባላል፣ ያገባውም ያላገባውም አዋቂ ሰው ያደርገዋል፣ አያሳውርም፣ አያመክንም፣ ጉልበት አይሰብርም አለችኝ። እንዲያውም ሰውነትን ያፍታታል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሰው የራሱን ገላ እንዲያውቅ ያደርጋል፤ ሥራሽንና ኑሮሽን እስካላስተጓጎለ ድረስ ጤና ነው አለች። ታዲያ ምን ጎዳሽ ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ አልኳት።

ባሌ ሲሞት ያጽናናኝ ሰው ሁሉ እኔንም አብሮ የቀበረኝ መስሎታል። እኔ ግን አልሞትኩም! ከእሱ ጋር በደስታ ኖሬያለሁ፤ ያን ደስታ የሚያውቀው ገላዬም ከእሱ ጋር አፈር አልለበሰም። ማንንም አልበደልኩም፤ የማንንም ባል አልቀማሁም። ሆቴሉ ውስጥ በየቀኑ የስንቱን አንሶላ እናጥባለን፤ በማንም ፈርደን አናውቅም። ጉባኤ የተጠራበት የኔ ገላ ብቻ ነው።

እናም ቁርጡን ልንገርሽ፤ ነጋዴውን አላገባም። ሰርጉም ይቅርብኝ። ልጄን የሙሽራ ልብሷን ለብሳ ሳላያት መቅረቴ ያቃጥለኛል፤ ምን አባቱ፣ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ለአልጋዋ የሚሆን አንሶላ ጠርዙን በእጄ ሰፍቼ ልኬያለሁ። ከማን እንደሆነ ባትነግሪያትም ስፌቴን ታውቀዋለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልትሄጂ ሻንጣሽን ስታዘጋጂ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ጠየቅሽኝ። እውነት ሴት ልጅም ደስ ይላታል ወይ ብለሽ። አራት ልጅ ወልደሽ! አፌን ሳልከፍት ሊወስድሽ የመጣው ባልሽ ከውጭ ተጣራ፤ አንቺም አቤት ብለሽ ሮጥሽ። በሳምንቱ ጋሼ ሽማግሌዎቹን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ።

እስከ ትናንት ድረስ ለጋሼ ስለ ነገርሽው በአንቺ ስናደድ ከረምኩ። ትናንት አንሶላ እያጣጠፍኩ ጥያቄሽ ትዝ አለኝና አንሶላውን አስቀምጬ ወረቀት ፈለግሁ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ግን በአንቺ ብቻ አይደለም።

ይህን ወረቀት አንብበሽ እንደጨረስሽ ቅደጂው፤ ባልሽ ቦርሳሽን እንደሚፈትሽ አውቃለሁ። ለልጃችን የሰመረ ትዳር ይስጣት። ለአንቺም ዕድሜና ጤና፣ ማንም የማይጠራሽ አንድ ከሰዓት ይስጥሽ።

መልሱ አዎ ነው፣ እትዬ። በሃምሳ ስምንት ዓመትሽም አልመሸብሽም።

ያሳፈርኩሽ ታናሽ እህትሽ