የእማዬ እግር

ለውድ ወንድሜ ለየሲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? የአሶሳ ሙቀት በረድ አለልህ? ወገብህስ፣ ያ የመኪና መንገድ እንዴት አደረገው? ሸፊቃና ልጆቻችሁ ደህና ናቸው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና አለን። እማዬም አለች።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ስደውልልህ እማዬ አጠገቤ ናት። ስለዚህ ይህን ጽፌ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጓደኛህ ለአቡበከር ሰጠሁት።

ባለፈው ወር የነርስነት ትምህርቴ የተግባር ፈተና ነበረብኝ። ሕመምተኛን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መመርመር ነው። የምለማመድበት ሰው ሳጣ እማዬን ለመንኳት። ጎረቤቶቻችን ከፒያሳ ተነስተው ከሄዱ ወዲህ ብዙ አታወራም፤ እኔም ስገባ ብዙ አላወራም። «እንደፈለግሽ» ብላ አልጋው ላይ ተጋደመች።

መምህራችን ፍትዊ እንዳስተማረን አስፈቀድኳት፣ ታጠብኩ፣ እንዳይቀዘቅዛት እጄን አሻሸሁ። መጀመሪያ የሚመረምረው ዓይን ነው፤ እጅ ከኋላ ይከተላል። ጭንቅላቷን በጣቶቼ ዳሰስኩ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርጌ ደም ማነስ ይኖርባት እንደሆነ አየሁ። አፏን አየሁ፣ አንገቷን ለእብጠት ዳበስኩ፣ ደረቷንና ጀርባዋን አዳመጥኩ። ሆድ ግን ሳይነካ በፊት ነው የሚደመጠው፤ ከተነካካ የአንጀት ድምፅ ይለወጣል። እማዬ ጣሪያውን ታያለች። እንዲህ ከዳሰስኳት ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላስታውስም። ምንም አልተሰማኝም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነበር የማስበው።

እግሯ ጋ ስደርስ ዓይኗን እንድትጨፍንና ጥጥ በነካት ቁጥር «አዎ» እንድትለኝ ነገርኳት። ጉልበቷ ላይ «አዎ» አለች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ዘገየች። ከዚያ በታች ደጋግሜ ነካኋት፤ ዝም። ቆይታ፣ «ጀምሪ እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። ጥጡ ግን ውስጥ እግሯን እየነካ ነበር። ጣቶቿን ፈልቀቅ ሳደርግ ከትንሿ ጣት ሥር ቁስል አገኘሁ፤ ጠቁሯል፣ ይሸታል። እሷ መኖሩንም አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የነበረውን ፈተናዬን ትቼ ሆስፒታል ወሰድኳት። ስኳር ነው አሉን፤ ብዙ ዓመት ሳይቆይባት አይቀርም። ትንሿን ጣቷን ቆረጧት፤ እግሯ ግን ተርፏል። ሐኪሙ ሲነግረኝ «እሺ» አልኩት። የቸርችልን ጎዳና ወርጄ መድኃኒቷን ገዝቼ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም፤ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ፈተናውን መምህር ፍትዊ ሌላ ቀን ሰጥቶኝ አልፌያለሁ። አሁን እማዬ ቁስሏ ደርቆላት በምርኩዝ ደጃፍ ድረስ ትወጣለች።

«ለየሲን እንዳትነግሪው፤ የመኪና መሪ የያዘ ሰው ሐሳብ አይጨመርበትም» ብላኝ ነበር። ትናንት ግን በሽታው በዘር ሊተላለፍ እንደሚችል ነግሬያት፣ ልጽፍለት ነው አልኳት። ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። ከዚያ፣ «እንግዲያው ጫማውን አውልቆ እግሩን ይይ በዪው። ሸፊቃም ትይለት፤ ሰው የራሱን ውስጥ እግር አያይም» አለች።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ እግርህን ለሸፊቃ አሳይ። ስኳርህንም ተለካ።

ሸፊቃን በጣም ሰላም በልልኝ። ሐሊማንና ትንሹን ኢስሃቅን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አማትህንም እንዴት ነዎት በልልኝ። እማዬ ለሁላችሁም ዱዓ እያደረገችላችሁ ነው። አላህ መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ ሲሀም
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.