ስድስቱም አሉ

ጥቅምት 6

ዛሬ ምንም የለም። ልብስ አጠብኩ። ወለል ወለወልኩ። እህቴን ሁለቴ አሳቅኩ፣ አንዴ አናደድኩ። አልጋ ከያዘች አሥራ አንድ ቀኗ።

ለምን እዚህ እንደመጣሁ ልጻፈው፣ ሳረጅ እንዳልረሳ። ስፌት ቤት ነበርኩ። የአንዱን ኩራተኛ ደንበኛ ኮት፣ የእጅጌውን ጫፍ ድፍን አድርጌ ሰፋሁበት። ሰውዬው ሰው ፊት ሊለብሰው ሲል እጁ ገብቶ አልወጣ አለ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ልሞት ነበር በሳቅ። ባለቤትየዋ ግን አልሳቀችም። ተባረርኩ። በዚያው ሳምንት ሐኪሙ የእህቴን የማህፀን አፍ ሰፋና "እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትወርጂ" አላት። እኔ ሰፍቼ ተባረርኩ፣ እሱ ሰፍቶ ተመሰገነ። ይህን ስላት ከት ብላ ሳቀችና ሆዷን ያዘች… ክው አልኩ። መሳቅ ይፈቀድላታል? ማንን ልጠይቅ?

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ስለዚህ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ወድቄ የተውኩት እኔ። ዓምና በስድስት ወሯ አስወርዷታል። አሁን አምስት ወሯ ነው። እኔ እንኳ በዚህ አልቀልድም።

ጥቅምት 9

ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ታያለች። ቀለሙ የተላጠበትን እያሳየች ይሄ ፈረስ ነው፣ ያኛው የሐኪሙ አፍንጫ ነው ትለኛለች። መጀመሪያ ሳቅን። ዛሬ ግን ሻይ ይዤ ስገባ እንባዋ ትራሱ ላይ ይወርዳል… ድምፅ የለውም። ድምፅ ያለውን ልቅሶ አውቅበታለሁ፣ አሹፌ አስቆመዋለሁ። ይሄኛውን ምን ላድርገው?

የምታየው ነገር ያስፈልጋታል። ቴሌቪዥን ራሷን ያማታል። ድመት ሐኪሙ ከልክሏል። ወፍ ይጮሃል። ዓሣስ? አይጮህ፣ አይቧጭር፣ አልጋ ላይ አይወጣ።

ጥቅምት 11

ከገበያው ጀርባ ዓሣ የሚሸጥ ሰውዬ አገኘሁ። ለድስት ሳይሆን ለዓይን የሚሸጥ። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አስሯል፣ ሲያወራ ቃላቱን እንደ ክኒን አንድ በአንድ ነው የሚያድለው። በሆዴ "ፕሮፌሰር" ብዬዋለሁ። ጠርዙ የተሸረፈ የመስታወት ሳጥን ነበረው፣ አርባ ሊትር የሚይዝ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ውሰጂው አለኝ። ትንሽ ፓምፕ፣ ፓምፑ ላይ የሚሰካ ስፖንጅ፣ ጠጠርና ሁለት ዓይነት ተክል ጨመረልኝ።

ዓሣዎቹስ ስለው፣ ገና ነው፣ ውሃው ጥሬ ነው አለ። ታዲያ ልቀቅለው ጋሼ? አልሳቀም። ስፖንጁ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን መራባት አለባቸው አለ፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ አንድ ወር ይፈጃል። እነሱ ሳይኖሩ ዓሣ መጨመር በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ እንደመተኛት ነው አለኝ። ይቺ ገባችኝ።

ጥቅምት 13

ጠጠሩን እስኪጠራ አጠብኩ። ውሃውን በባልዲ ቀድቼ ክፍቱን አሳደርኩት፣ የቧንቧው መድኃኒት እንዲተን። ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ሥሩ ከተቀበረ ይበሰብሳል ስለተባለ ከድንጋይ ጋር በክር አሰርኩት። ያቺ ባለቤትየዋ ብታይ… ስፌቴ በመጨረሻ ለቁም ነገር ዋለ።

ሳጥኑን ከአልጋዋ ግርጌ፣ ወፍራሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እህቴ አየችው አየችውና፣ ዓሣዎቹ የታሉ አለች። አይናፋር ናቸው አልኳት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈለገቻቸው። ሲገባት ትራስ ወረወረችብኝ።

ኅዳር 2

ባዶ ውሃ እመግባለሁ። እውነቴን ነው። ተሕዋስያኑ የሚበሉት እንዲያገኙ በየቀኑ ቆንጠር አድርጌ መኖ እበትናለሁ። እህቴ ለጎረቤት እንዳትነግሪ፣ አብደዋል ይሉናል ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ። ፈራሁ። ልገለብጠው ባልዲ አነሳሁ። ፕሮፌሰር "ተዪው" አለ። ተውኩት። በራሱ ጠራ። ተዪው የሚባል ሥራ ግን… ለኔ ከባዱ እሱ ነው።

ኅዳር 14

ገቡ። ስድስት ናቸው። የጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ ጎናቸው ላይ ቀይ መስመር ያላቸው። ከነፌስታላቸው ውሃው ላይ አንሳፈፍኳቸው፣ እስኪላመዱ። ከዚያ አንድ በአንድ… ከተክሉ ስር ተሸጎጡ።

ትንሿ ጭራዋ አጠገብ ጥቁር ነጥብ አላት። እህቴ ወዲያው መረጠቻት። "ይቺ የኔ ናት" አለች። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፣ ዓምና ልጁን ያጣችበትን።

ኅዳር 21

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የምትለኝ "ስድስቱም አሉ?" ነው። ራሷ ትቆጥራለች፣ ግን እኔም እንድቆጥር ትፈልጋለች። ዛሬ አምስት ናቸው አልኳት፣ ለቀልድ። ፊቷ ባንዴ አመድ መሰለ። ስድስት ናቸው ስድስት ናቸው እያልኩ እጇን ያዝኩ። እነሱ ደህና ከሆኑ የኔም ደህና ይሆናል ብዬ ነው የያዝኩት አለችኝ። ግድግዳውን እያየች።

ምነው አፌን በሰፋሁት። እኔ መጫወቻ ያመጣሁ መስሎኝ… ምን ውስጥ ነው የገባሁት?

ታኅሣሥ 3

ወሩ አለፈ። ሰባተኛውን ጀመረች። የውሃውን ሩብ በጎማ ቱቦ በአፌ ስቤ ስቀይር አምልጦኝ ተጎነጨሁት። የእህቴ ሳቅ ታች ቤት ድረስ ተሰማ።

ታኅሣሥ 8

ነገ አማቷ ይመጣሉ። በሆዴ "ኢንስፔክተሯ" ናቸው። የበር ጉበን በጣታቸው ጠርገው ጣታቸውን የሚያዩ ሴት ናቸው። ዓምና ልጁ የሄደው ቤቱ ንጹሕ ስላልነበረ ነው ብለዋል፣ እህቴ ሰምታቸዋለች። እንዳይደግሙት ፈራሁ። ቤቱን ከላይ እስከ ታች ፈተግኩ። ስፖንጁን ባወጣው ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር። ቀፈፈኝ። በፈላ ውሃና በበረኪና ዘፍዝፌ፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቄ እንደ ጥጥ አነጣሁት። እንዴት ያምራል።

ታኅሣሥ 9

መጡ። በጣታቸው ጠረጉ። ምንም አላገኙም። እሰይ።

ታኅሣሥ 11

ዓሣዎቹ ላይ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። እህቴ ምን ሆነው ነው ትለኛለች። አንቺን ሊያዩ ነው አልኩ። ምን ሆነው ነው?

ታኅሣሥ 12

ሁለት ሞቱ። ጠዋት፣ ሳትነቃ። የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ ከጠየቀች ብርሃን በዝቶባቸዋል እላታለሁ ብዬ ሳጥኑ ላይ ፎጣ ጣልኩና ሮጥኩ።

ፕሮፌሰር ምን አደረግሽ አለኝ። ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ። ያ ቡናማው ቆሻሻ አልነበረም። ወር ሙሉ የመገብኳቸው፣ የጠበቅኳቸው እነሱ ነበሩ። "የኔ ልጅ፣ በሕይወት ያሉትን ነው ያነጣሽው" አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከራሱ ሳጥን ቆሻሻ ስፖንጅ አውጥቶ በፌስታል ሰጠኝ። ያደረ ውሃ በየቀኑ ሲሶውን ቀይሪ፣ መኖ አቁሚ፣ ስፖንጁን ደግመሽ በቧንቧ ውሃ እንዳትነኪ፣ ከሳጥኑ በወጣ ውሃ ብቻ ጨመቅ አድርጊው። ሁለት ተመሳሳይ ዓሣ ስጠኝ ስለው፣ በዚህ ውሃ? አለኝ። ለመንኩት። እህቴ ትቆጥራለች አልኩት። ሰጠኝ።

በምሳ ሰዓት ሸለብ ሲያደርጋት ጨመርኳቸው። ስትነቃ ፎጣውን አነሳሁ። "ስድስቱም አሉ?" አለች። አሉ አልኳት።

ታኅሣሥ 13

ባለ ነጥቧ። ፎጣውን መልሼ ጣልኩት።

ታኅሣሥ 14

ሌላ አምጥቻለሁ። ነጥብ ያላት የለችም። የፕሮፌሰርን ሳጥኖች በሙሉ አየሁ። የለችም።

ታኅሣሥ 17

ነጥቧ የታለ አለች። ስታድግ ይጠፋል፣ እንደ ሕፃን ፀጉር ነው አልኩ። አፌ እንዴት ፈጠነ። ደስ አላት። አደገች ማለት ነው አለች። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሕይወቴን ሙሉ ሰው አታልዬ እስቃለሁ። አሁን አታልላለሁ፣ ሳቁ የለም። ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ አታስደንግጧት ብሏል ሐኪሙ። ብነግራት በኔ ምክንያት… ባልነግራትስ? ደግሞ አንዱ ቢሞት?

ታኅሣሥ 26

ከሞቱት ወዲህ የሞተ የለም። ውሃው ጠራ። ተክሉ አዲስ ቅጠል አወጣ። እኔ ግን በየጠዋቱ ከእሷ ቀድሜ ተነስቼ እቆጥራለሁ።

ጥር 4

ስምንተኛ ወሯ። ልጁ በጣም ይራገጣል። እጄን አስቀመጠችልኝ። ኳስ ተጫዋች ነው አልኩ፣ አባቱ ፍሬን መርገጫ ያደርገዋል አለች።

ጥር 11

ምሳ አልበላችም። ልጁስ ስላት እየረገጠ ነው አለች። ሳጥኑን እያየች ግን አትቆጥርም። ዛሬ አልጠየቀችኝም። ዓሣዎቹ ከገቡ ጀምሮ መጀመሪያዋ ነው።

አውቃለች። አውቃለች መሰለኝ። ምን ላድርግ?

ጥር 12

ልጻፈው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነኝ።

ጠዋትም አልቆጠረችም። ልጁ ደህና ነው ወይ ስላት አዎ ይረግጣል አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ዛሬ አልቀልድም። ሦስቱ የድሮዎቹ አይደሉም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ ስፖንጁን አጥቤ። ባለ ነጥቧም ሞታለች። ነጥብ አይጠፋም፣ ዋሽቼሽ ነው።"

ጥፊ ጠበቅኩ። ልቅሶ ጠበቅኩ። እሷ እጄን ያዘች፣ እጇ በረዶ።

"እኔም ዋሽቼሻለሁ" አለች። "ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።"

ለምን እንዳልነገረችኝም እሷው ነገረችኝ። ካልተናገርኩት ያልሆነ መስሎኝ ነው አለች።

እንዴት ታክሲ ውስጥ እንዳስገባኋት አላውቅም። ነጠላ ጫማዬ የተለያየ ነው፣ አሁን ነው ያየሁት። ሆዷ ላይ ቀበቶ አስረው የልቡን ምት አዳመጡ። አለ። ግን ደካማ፣ ወረድ ወረድ ይላል። ወዲያው ወደ ኦፕራሲዮን ወሰዷት። አዋላጇ መንቀሳቀሱን መቼ እንዳቆመ ጠየቀችኝ። ስነግራት፣ እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ ብላ ጀመረችና ተወችው።

ለሹፌሩ ደወልኩ። ቀልድሽን ተዪ አለኝ። ልክ ነው፣ ከዚህ በፊት ጎማው ተሰርቋል ብዬ ከእንቅልፉ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ደግሜ ነገርኩት። ድምፄን ሰማው። መኪናውን አዞረ።

ጥር 12፣ ከሰዓት

ወንድ። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። አለቀሰ፣ ትንሽ።

ጥር 14

እህቴ ግፊቷ አልወርድ ስላለ ከአልጋ አትነሳም። ልጁ በሌላኛው ፎቅ ነው፣ ማሞቂያ ውስጥ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይደርሳል።

ነርሷ ደህና ነው ትላታለች። ሐኪሙ ደህና ነው ይላታል። ኢንስፔክተሯ መጥተው፣ በጣታቸው ምንም ሳይጠርጉ፣ ደህና ነው አሏት። እህቴ ለሁሉም እሺ ትላለች፣ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም።

ሁሉም ሲወጡ ጠራችኝ። "ጦጢት" አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜ ነው፣ ስትናደድም ስትወደኝም። "ሄደሽ እይውና ያየሽውን ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እጄን እስከ ክንዴ አጠቡኝ። ጋውን አለበሱኝ። ሩብ ሰዓት ቆምኩ።

ስመለስ በሩ ላይ ቆም አልኩ። ወፍራም ነው፣ ጉንጩ ቀይ ነው፣ ሊስቅ ምንም አልቀረው… ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። ማን ያውቃል? ትተኛ ነበር ይሆናል።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትንሽ ነው አልኳት። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ገብቷል። እዚያ ሳለሁ አንዴ ትንፋሹ ቆም አለ፣ መሣሪያው ጮኸ፣ ነርሷ እግሩን ነካ ስታደርገው ቀጠለ። ይሄ ቀናቸው ሳይደርስ ለተወለዱት ያጋጥማል አለችኝ፣ እሷ ግን አልደነገጠችም፣ እኔ ነኝ የደነገጥኩት። ጣቴን ሰጠሁት። ያዘኝ። ይዞኝም ቆየ።

"ማንን ይመስላል?" አለች።

"ያንቺን ባል። መልኩን ደግሞ ሐኪሞቹ ምንም ማድረግ አልቻሉም።"

ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ፣ ስፌቱ አመማትና መለሰችው። ከዚያ ፊቷን ወደኔ አዞረች፣ ዓይኗን ከደነች… ተኛች። እጄን እንደያዘች። የምጽፈው በግራ ነው።

ነገ ጠዋት ስገባ ምን እንደማይ አላውቅም። ፈርቻለሁ። ያየሁትን እነግራታለሁ።