ሁለቱ ዲስኮችና የጎደለው ጣቢያ

ሰኞ

የኮምፒውተር ባለሙያው ግርማ ገባ። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የመጣው። ሲሬ አውቶቡሱ ሲቆም እንኳ አልወረደም። "ብወርድ አንዱ ዶሮውን ያስቀምጥበታል" አለኝ።

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስኮች አሉ። እያንዳንዱ ከአሮጌው አራት እጥፍ ይይዛል። የምጽፈው ሁሉ በሁለቱም ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ኃላፊያችን ጓድ ታምራት "አንድ ትልቅ አይበቃም ነበር?" ብለው ጠየቁ። ግርማ፣ "ጓድ፣ ትልቁም ይሞታል" አላቸው።

አሮጌው ዲስክ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ያፏጫል። የሰፋሪዎቹ መዝገብ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ከወሎ መጥተው በየሰፈራ ጣቢያው የተበተኑት ሁሉ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ። በዲስኬት የያዝነው ቅጂ በክረምቱ እርጥበት ሻግቷል። ወረቀቱም የለም። መጋዘኑ ጠብቦ ስለነበር ቅጾቹ እንዲቃጠሉ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይህን ለግርማ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

መብራት ሦስቴ ሄደ። ሲመለስም ይዘላል። ግርማ በዚህ መብራት አዲሶቹን አልሰካም አለ።

ባለሱቁ ከድር ለለስላሳ ፍሪጁ የገዛው የመብራት ማረጋጊያ አለው። ከዘበኛችን ከኦቦ ፈይሳ ጋር ሄድን። ኦቦ ፈይሳ በኦሮምኛ ለመኑት፣ እኔ በአማርኛ። ከድር ለሁለታችንም በየቋንቋችን እምቢ አለን። ኦቦ ፈይሳ ግን አልሄዱም፤ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ከወጪ ገቢው ጋር ሰላምታ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ከድር ራሱ ማረጋጊያውን ተሸክሞ መጣ።

ማምሻውን ሁለቱም ዲስኮች ዞሩ።

ረቡዕ

ጠዋት መገልበጥ ጀመርን። በየጣቢያው ነው የሚገለበጠው፤ አንዱ ሲያልቅ ግርማ ስሙን ይጠራል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ።

ከሰፋሪዎቹ አንዷ ዘሀራ መጣች። ከኪራሙ ጣቢያ እህል በጫነ መኪና። ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ ሁለቱን ጊዜ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ብለን መልሰናታል። በሰፈራው ጊዜ የስድስት ዓመት ልጇን ጦይባን ከታመሙት ጋር በሌላ አውቶቡስ ጫኗት። ሦስት ዓመት አለፈ።

"ስሟን ፈልግልኝ፣ ወንድሜ" አለችኝ።

"ዛሬ እየገለበጥን ነው። ነገ።"

"ነገማ እዚሁ ነኝ" አለችና ኦቦ ፈይሳ አጠገብ ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ላይ ፉጨቱ ቆመ። ዲስኩም ቆመ። የገለበጥነው ግማሹን ነው።

ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ

ግርማ አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ በጀርባው አስተኛው። ሲቀዘቅዝ በካቻቪቴው እጀታ ጎኑን መታ መታ አደረገው። ተነሣ። እንዳይሞቅ እያሳረፈ እስከ አሥር ሰዓት ቀዳ። ከአንድ ጣቢያ በቀር ሁሉም ወጣ፤ የቀረው ከጊምቢ ማዶ ያለው ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ ተንቋቋ፣ ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ስለ ቅጾቹ ያኔ ነገርኩት። "እኔም አንድ ጊዜ እንደዚህ አድርጌያለሁ" አለ። አላጽናናኝም።

ጦይባን ፈለግኩ። ስሙን በላቲን ፊደል ስለምንጽፍ በአራት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርኩ። የለችም። ለዘሀራ ሳላድበሰብስ ነገርኳት፦ ወይ በጠፋው ጣቢያ ናት፣ ወይ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበችም። የጠፋውም በእኔ ጥፋት ነው።

"ጣቢያውስ አለ?" አለች።

"ጣቢያው አለ።"

"እንግዲያው ምኑ ነው የጠፋው?"



ዓርብ

ፈተና። ጓድ ታምራት ቆመው እያዩ አንድ ስም ጻፍኩ። ግርማ የአንደኛውን ዲስክ ገመድ ነቀለ። ስሙ አለ፤ መዝገቡም ሁሉ አለ። ሌላ ስም ጨመርኩ፤ የተነቀለውን መልሶ ሲሰካው የጎደለውን ከጓደኛው ሞላ። ጓድ ታምራት "ጥሩ" አሉ። ከእሳቸው ብዙ ነው።

ግርማ ሲወጣ ቅጾቹን እንዳስቃጠልኩ ነገርኳቸው። "ጊምቢ ማዶ ሄደህ ቤት ለቤት እንደገና መዝግብ" አሉ።

"ሴትዮዋን ልውሰዳት?"

"ይለፍ ወረቀት አላት?"

"የላትም።"

መሳቢያቸውን ከፍተው ጻፉላት። ስሟን ሲጠይቁኝ ቀና አላሉም።

እሑድ

የጎደለው ጣቢያ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ትናንት ሠላሳ ቤት፣ ዛሬ እስከ ረፋድ አሥራ አንድ። ዘሀራ ከኋላዬ ትመጣለች፤ አትናገርም፣ በየደጁ የልጆቹን ፊት ታያለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቤት ጣቢያው አጠገብ የሚኖሩ የአገሬው ሴት፣ አዴ ጫልቱ፣ ሊጠይቁ መጥተው አገኘናቸው። "እኔ ቤት አንዲት የናንተ ልጅ አለች" አሉ። "ታማ ነው የሰጡኝ።"

ሄድን። ልጅቷ በር ላይ ገብስ ታበጥራለች። ስሟን ጠየቅኳት፤ በኦሮምኛ መለሰችልኝ። ጦይባ። የአባቷን ስም አታውቅም። ዘሀራ ጠጋ ብላ የልጅቷን የግራ ጆሮ ገልጣ ከኋላው ያለችውን ምልክት አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ ፈርታ ወደ አዴ ጫልቱ ሸሸች። ዘሀራ በወሎ አማርኛ ብዙ አወራቻት፤ የገባት አይመስለኝም። አዴ ጫልቱ ያለቅሳሉ።

ማን ማንን ይዞ እንደሚሄድ አላውቅም። ለጓድ ታምራት ምን ብዬ እንደምጽፍም አላውቅም። ስወጣ ሦስቱም በአንድ ሰፌድ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር፤ ልጅቷ አሁንም ማዶ ናት፣ ግን ዘሀራ ያቀበለቻትን ገብስ ተቀብላለች።

ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል።