“ተይዟል” የምትባለው የኤረር በሯ ባዶ ቦታ፦ የአቶ አባይነህ ሥራዬ የሕይወት ታሪክ
(1948–2017 ዓ.ም.)

አቶ አባይነህ ሥራዬ ከአባታቸው ከአቶ ሥራዬ ወልደ ሰማያት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ ደስታ በሐረር ከተማ፣ ከከተማዋ ግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ገባ ብሎ ባለው ሠፈር ሐምሌ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት ልባቸው መኪና ላይ ስለነበረ ነው። ወይዘሮ በለጡ “ይህ ልጅ ደብተር ስሰጠው ጎማ ሥሎ ይመልስልኛል” ይሉ ነበር።

በ1968 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው በፔጆ ታክሲ ሥራ ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ትዕግሥት ኃይለ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ብሌንን እና ፍፁምን ወልደዋል።

ቀጥሎ ያለውን ነገር አቶ አባይነህ በሕይወት ሳሉ በሰው ፊት እንዲነሣ አይወዱም ነበር። ግን እሱ ካልተነገረ ታሪካቸው ጎዶሎ ነው፤ የሚመለከታቸው ጎረቤቶችም ይነገር ብለዋል። በግንቦት ወር 1982 ዓ.ም. አንድ ማለዳ የታክሲያቸው ጎማ ተነፈሰ። መኪናዋን ኤረር በር አፍ ላይ በድንጋይ አስደግፈው ጎማውን ይዘው ወደ ጎሚስታ ሄዱ። እንደምታውቁት በዚያ በኩል የግንቡ ውስጥ መንገድ ጠባብ ስለሆነ መኪና አያስገባም፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ እስከ በሩ ይመጣና መኪና ከዚያ ይቀበለዋል። በዚያች ሰዓት የጎረቤታቸው የአቶ ዐብዱናስር ባለቤት ወይዘሮ ዘምዘም ምጥ ጠንቶባቸው በቃሬዛ ሲወጡ፣ መኪና በምትጠጋበት ቦታ ላይ ጎማ የሌላት ፔጆ ተገትራለች። አትገፋ፣ አትነዳ። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ይዘው እስከ ታችኛው አስፋልት ሮጡ። እናቲቱ ተረፉ፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

አቶ ዐብዱናስር ይቅርታ ሊጠይቋቸው ለመጡት ጎረቤታቸው “አባይነህ፣ ቀደር ነው። አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ። በአንተ ሰበብ ከጌታዬ ጋር አልጣላም” አሏቸው። ሁለቱ ቤቶች ከዚያም ወዲህ በደስታም በሐዘንም አልተለያዩም። አቶ አባይነህ ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም። በዚያው ዓመት ታክሲዋን ሸጠው የኤረር በር መኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪ ሆኑ።

ከዚያ ጀምሮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሩ ፊት ያለችው ቦታ ለበሽተኛ ስትጠበቅ ኖረች። የመጣው ሹፌር ሁሉ “ቦታው ባዶ አይደለም እንዴ?” ሲላቸው፣ ባዶውን ቦታ እያዩ “ተይዟል” ይላሉ። ሹፌሮችም “አባ ተይዟል” የሚል ስም አወጡላቸው። በቀረው ነገር ሁሉ ሐቀኛ ነበሩ፤ ይህችን ውሸት ግን የንስሐ አባታቸውም ሊያስጥሏቸው አልቻሉም። ሞባይል ሲመጣ ደግሞ ፈረስ መጋላ ባለው መኪና ማቆሚያ ከሚሠሩት ከአቶ አብዱልፈታ ጋር እየተደዋወሉ፣ የት ስንት ቦታ እንዳለ ለሹፌሩ ይነግሩት ነበር። ጊደር መጋላ ለገበያ የመጣ ሰው ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር መዋሉ በእነሱ ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. ይህንኑ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ተተከለ። በየማቆሚያው መሬት ውስጥ መኪና መኖር አለመኖሩን የሚለይ ሴንሰር ተቀበረ፤ መንገዱ ዳርም ስንት ቦታ ባዶ እንደሆነ በዚያው ቅጽበት የሚያሳይ ሰሌዳ ቆመ። አቶ አባይነህ መሣሪያውን አልጠሉትም፤ “እኔና አብዱልፈታ ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንለፋበትን ይሄ ዝም ብሎ ይሠራዋል” ብለው አድንቀዋል። ጣጣው መሣሪያው መዋሸት አለማወቁ ነው። የበሽተኛን ቦታ ባዶ ናት ብሎ ለአገር ምድሩ አወጀ። ሰሌዳው ላይ “ኤረር በር፦ 1” የሚል ያየ ሁሉ ወደዚያ ይከንፍ ጀመር። አቶ አባይነህ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከሹፌር ጋር አንገት ለአንገት ተናነቁ። ኋላ ሴንሰሩ ብረት ሲያገኝ መኪና እንደሚመስለው ሰሙና የበርሜል ክዳን አምጥተው ደፉበት። ቁጥሩም ዜሮ ሆነ። ሦስት ሳምንት ያህል የበርሜል ክዳን ከመኪና ተቆጥሮ ከረመ።

ነገሩ ሲታወቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ሥራቸውንም ሊያጡ ነበር። ክዳኑን እንድታነሣ የተላከችው ባለሙያ ናዝራ ዐብዱናስር ነበረች፤ ወይዘሮ ዘምዘም ከዚያ ሐዘን በኋላ የወለዷት፣ በአቶ አባይነህ ደጅ ያደገች ልጅ ናት። ቤቷ ገብታ “አባባ አባይነህን ምን ነካቸው?” ብላ ብትጠይቅ፣ እናቷ ስላላየችው ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሯት። ናዝራ ቢሮ ለቢሮ ተሟግታ ያች ቦታ በሰሌዳው ላይ ምንጊዜም እንደ ተያዘች እንድትቆጠር አስወሰነች። ከዚያ ያነሣችውን ክዳን ይዛ መጥታ “አባባ፣ ከእንግዲህ እርስዎ አይዋሹ፤ ማሽኑ ይዋሽልዎ” አለቻቸው። ወይዘሮ ትዕግሥት ባለቤታቸውን ሲያለቅሱ ያዩት በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ያን ቀን ነበር።

ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. አቶ አባይነህ ልባቸውን ታመው ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ጎረቤት በቃሬዛ አወጣቸው፤ የፊቱን ሸክም አቶ ዐብዱናስር በሽምግልናቸው ለሌላ አልሰጥም ብለው ያዙ። ሰሌዳው ተይዟል ይላል፤ ቦታዋ ባዶ ነበረች፤ መኪናው ተጠግቶ ተቀበላቸው። ሐኪሞቹም አቶ አባይነህ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ በሕይወት አይደርሱም ነበር ብለዋል። በዚህም አሥራ ዘጠኝ ቀን ተጨመረላቸው፤ ልጆቻቸውን መርቀው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ።

አቶ አባይነህ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ።

ለቀብር በመኪና የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ቤተሰቡ አንድ አደራ አለው። ሰሌዳውን እያያችሁ በተነገራችሁ ቦታ አቁሙ። በሩ ፊት ያለችው ቦታ ባዶ ሆና ብታዩዋትም ተይዛለች። የአስከሬኑ መኪናም እዚያ አይቆምም፤ አቶ አባይነህ ዛሬ በሽተኛ አይደሉም።

ለማያውቁት ሰው ቦታ ሲጠብቁ የኖሩትን አባታችንን፣ እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ቦታ ጠብቆ ያቆያቸው። አሜን።