ቀንድ አውጣዋን የሣለው ሰው

ለማከብርዎ አባቴ ለኢድሪስ ሙንሺ፤
ባሪሳል

እንደምን ሰንብተዋል? ዐይንዎስ እንዴት ነው? የወገብዎ ሕመም ቀለል አለልዎ? እናቴስ ደህና ናት? ወንዙ ዘንድሮ ከደጃፋችን ራቅ ብሏል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምታነብላቸው ወንድሜ ሻፊን ሆይ፣ ጮክ በል፤ እናቴም ትስማ።

አባዬ፣ ስለ ሥዕሎቹ ዝም በይ ያሉኝን ቃል አፍርሻለሁና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሃያ ሁለት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የልጆች መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚታተም ሊማሩ ከመምህርታቸው ጋር ወደምሠራበት ማተሚያ ቤት መጡ። አሳታሚው ሞታሌብ በዚያ ሙቀት ኮት ደርቦ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ ነው የጠበቃቸው። እኛን ጠራዦቹን ሙጫ የነካው እጃችንን ልጆቹ እንዳያዩት ብሎ ከመጋረጃ ጀርባ ከተተን። ከዚያ ዐይኑን በጨው አጥቦ ማስተማር ጀመረ። ታሪኩ ጎህ ሲቀድ ይመጣልኛል አለ፤ ሥዕሉንም ራሴ እሥላለሁ ብሎ እርስዎ የሣሉትን የእንቁራሪቷን መጽሐፍ አነሣ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ደመቀበት።

ቱምፓ የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅ ገጾቹን ስታገላብጥ ቆይታ፣ በየሥዕሉ ጥግ ለምን ትንሽ ቀንድ አውጣ እንዳለች ጠየቀችው። ጎንበስ ብሎ አየና፣ የቀለም ጠብታ ነው፣ የማሽኑ ጥፋት ነው አላት።

«ጠብታ ዐይን አለው እንዴ፣ ጋሼ?» አለችው።

እርሳሷንም አቀብላ አንድ እንዲሥልላቸው ለመነችው። መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ አለ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁና፣ «ቀንድ አውጣዋን የሣሏት አባቴ ናቸው» አልኩ። «ልጅ ሳለሁ ገጽ ስለምዘልል፣ እሷን ስፈልግ ሁሉንም እንዳይ ብለው ነው የደበቋት።»

ሞታሌብ ጠራዥ ደግሞ ምን ታውቃለች ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አብሮት የሳቀ የለም። መምህርቷ ስምዎን ጠየቀችኝ። ልጆቹም በተሰጣቸው መጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ ከእሱ ስም በላይ፣ በእጃቸው ጻፉት። ኢድሪስ ሙንሺ። አንዳንዱ ፊደል ገድፏል፤ ግን እንዴት እንደሚያምር ባዩት!

በማግስቱ አባረረኝ። አይዘኑ፤ ማዶ ካለው ጥረዛ ቤት ገብቻለሁ። ትናንት ታዲያ ያ ኩሩ ሰው እዚያው ድረስ መጣ። ትምህርት ቤቱ የሠዓሊው ስም ካልታተመበት መጽሐፉን አልወስድም ብሎታል። ሊያስፈርምዎ የያዘውን ወረቀት አየሁት። «በአሳታሚው መሪነት በሥዕሉ ያገዙ» ይላል። መሪነት! ላኪልኝ ሲለኝ፣ እኔ አልቀበልም፣ መርከብ ተሳፍረህ ራስህ ሂድና ለምናቸው አልኩት። ሐሙስ ይደርሳል።

ቢፈርሙም ባይፈርሙም ፈቃድዎ ነው። እኔ የምለምንዎ፣ ሻፊን ወረቀቱን ቃል በቃል ያንብብልዎ፤ የማይወዱትን ቃል ሞታሌብ በገዛ እጁ ይሰርዝ። ሲደርስ ሶላት ላይ ከሆኑም አይቸኩሉ። ደጅ ይቀመጥ።

ለእናቴ እጅዋን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ሻፊንን ትምህርቱን አጥብቆ እንዲይዝ፣ አክስቴ ጆሆራንም ሳል እንዳይበረታባት ሙቅ እንድትለብስ ይንገሩልኝ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሩማና
ዳካ፣ ባንግላባዛር
ማርች 11 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.