ስድስተኛዋ ጳጉሜና የአዝቴኮች ፀሐይ

ግርማዬ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ጤናህን የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። እኔ ደህና ነኝ። አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን ያለውን ቤት አልለቀቅኩም። መኪናህን ሸጥኳት፤ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ስትል ማን ይለምንልኛል? ሶፋውንም ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ብትኖር ትቃወም ነበር።

ከታች የምትኖረው ሜክሲኳዊቷ ጎረቤታችን ሮዛ የሰጠችን ክብ ሸክላ ግን ከግድግዳው አልወረደም። ያመጣችልን ዕለት የግድግዳ ሰዓት መስሎህ ገልብጠህ የባትሪ ቦታ ፈለግህ። ሮዛ ሳቋን እንደምንም ውጣ አስረዳችን። በአገሯ በሜክሲኮ የነበሩ የጥንት አዝቴኮች በድንጋይ የቀረጹት የፀሐይ ምስል ቅጂ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት አዞው፣ ጥንቸሏና አበባው የቀናት ምልክቶች ናቸው። መሃል ላይ ያለው ፊት ያወጣውም ምላስ ሳይሆን የድንጋይ ቢላዋ ነው አለች። ቲማቲምና ቸኮላት የሚሉት ቃላት ከእነሱ ቋንቋ መምጣታቸውን ስትነግርህ አላመንካትም። የማረከህ ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ሃያ ቀን ያላቸው አሥራ ስምንት ወሮች ሲያልቁ አምስት ቀን ይተርፋል። ጳጉሜ እነሱም ዘንድ አለች ብለህ ሮዛን ከዚያ ወዲያ የጳጉሜ እህቴ ትላት ነበር።

አንተው ደግሞ በጳጉሜ ስድስት ሞትክ፤ በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣ ቀን። በዚህ እንኳ ሰው ማስቸገር አልተውክም። ዘንድሮ ጳጉሜ አምስት ላይ ታልቃለች፤ ሙት ዓመትህ የሚውልበት ቀን የለም። አትላንታ ያሉ ወዳጆችህ ከእንቁጣጣሽ ጋር ይሁን፣ ሰው እንደሆነ ይሰበሰባል አሉኝ። ተናደድኩ። አዲስ ልብስ ለብሶ እንኳን አደረሰሽ እያለኝ ያንተን ዝክር ሊበላ! ለሥራ አለቃዬ ለማስረዳት ብሞክር፣ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩንም አላመነኝ።

ሮዛን ደረጃው ላይ አግኝቼ ነገርኳት። እሷ ቀን እንዴት ይጠፋል ብላ አልጠየቀችኝም። በጥንቶቹ ዘንድ በትርፎቹ ቀናት ሰው ሥራውን ትቶ ቤቱ ይቀመጥ ነበር አለችኝ። እኔም ቆረጥኩ። ጳጉሜ አምስት ቅዳሴ አስቀድሼ ቤቴ እቀመጣለሁ። ሮዛ ትመጣለች፤ ሌላ ሰው አልጠራሁም። ወዳጆችህ ተቀይመውኛል፣ ይቀየሙ።

ትናፍቀኛለህ። ይህን ሳልጽፍ ልጨርስ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። ቀንህ በሚመጣበት ዓመት ሁሉም ያስታውስህ ይሆናል። በማይመጣባቸው ዓመታት እኔ አለሁ።

አስቴር