አሥራ አንድ ቀን የሚፈጀው በረራ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12
ከሰዓት በኋላ፣ አባትሽ ሸለብ ባደረገበት

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። ይህችን መስመር የጻፍኳት፣ ደብዳቤ እንዲህ መጀመር ስላለበት ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራ ሰው የመጽሐፉ ሆድ ምንም ቢሆን ሽፋኑን አይገነጥልም። ሽፋኑ ይኸው። አሁን ወደ ሆዱ እንግባ።

ባለፈው በስልክ «አባዬ የቱን መረጠ? አሮጌውን ነው አዲሱን?» ስትዪኝ፣ «አዲሱን ነዋ! ድምፁ አይሰማሽም?» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። የሰማሽው የአሮጌውን ኮምፒውተር ማራገቢያ ነው። አንቺ የላክሽው አዲሱ የበረራ መለማመጃ፣ ሲሙሌተሩ፣ ሲሠራ ድምፅ የለውም፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፣ መኖሩ የሚታወቀው ሲያደናቅፍ ብቻ ነው። በስልክ መዋሸት ይቀናል፤ ወረቀት ላይ ግን እጄ እሺ አይለኝም። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ሣጥኖቹ የደረሱ ቀን አክስትሽ እዚህ ነበረች። ሁለት ጎረምሶች እያለከለኩ ሦስት ሣጥን ሳሎን መሐል ሲያወርዱ አባትሽ ተነሥቶ ክብደታቸውን ጠየቀ፤ ዕድሜውን ሙሉ የፖስታ አውሮፕላን ያበረረ ሰው ክብደቱን ሳያውቅ ጭነት አይቀበልም። አክስትሽ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣

«ይሄ ሁሉ ኮተት ለጨዋታ ነው?» አለች።

«ጨዋታ አይደለም፣ ልምምድ ነው።»

«በሰባ አራት ዓመትህ! ማን ሊቀጥርህ ነው?»

«የሚቀጥረኝ ከሌለ የሚያባርረኝም የለም» አላት።

ይህችን ቀልድ አስቀምጪልኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልመጣም።

ለመገጣጠሙ የኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት። ሰፈሩ «ነፍስ አባት» የሚለው ነው፤ ሰው የሚጠራው ኮምፒውተሩ ማጣጣር ሲጀምር ብቻ ስለሆነ። ሦስቱን ስክሪን በግማሽ ክብ አቆመ፣ መሪውን ከጠረጴዛው ጋር አሰረ፣ ፔዳሎቹን ወለሉ ላይ አደላደለ። አሮጌው እንደበራ ወደ ጥግ ተገፋ። ያ አንቺ ተማሪ ሳለሽ ከአባትሽ ጋር ከተጣለ ታክሲ ነቅላችሁ ያመጣችሁት ወንበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ ቆመ።

የአዲሱን ውበት አልክድም። ዳመናው ዳመና ነው፤ ወንዙ ያብረቀርቃል። ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ የተሠራ ነው አለኝ ነፍስ አባት፣ ሰፈራችንንም ከነጉድጓዱ አሳየኝ። የቤታችን ጣሪያ መዛጉን ያወቅሁት ከሦስት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሆኜ ነው። በአሮጌው ላይ እንደምታውቂው ተራራ ማለት የተጨማደደ ወረቀት ነው፤ ከተማ ማለት አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ የተረሱ አራት ካርቶኖች። በዓይን ብቻ የሚመረጥ ቢሆን ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

አባትሽ ተቀመጠ። እኔም እንደ ልማዴ በርጩማዬን ከጎኑ ስቤ የበረራ መፈተሻ ዝርዝሩን አወጣሁ። ያ በአሥራ ስድስት ዓመትሽ በራስሽ እጅ ጽፈሽ በላስቲክ ያስለበጥሽው ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል እንጂ ጽሑፍሽ አልደበዘዘም። አብራሪዎች እንዲህ ነው የሚሠሩት፦ የቱንም ያህል የበረረ ሰው በቃሉ አይሄድም፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በእጁ ነክቶ ይመልሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽን ዛሬ ምን ቀን ነው ብለው አይመልስም። ቁርስ በላህ ወይ ብለው ይቆጣኛል። «ነዳጅ?» ስለው ግን «ሙሉ» ይላል። «በሮች?» «ተዘግተዋል።» «የክንፍ ፍላፕ?» «አሥር ዲግሪ።» በቀን ውስጥ ጠይቄው የሚመልስልኝ ሃያ ሦስት ነገር አለ። አርባ አራት ዓመት በትዳር ኖረው ከዚህ ያነሰ የሚነጋገሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላማርርም።

አዲሱ ዝርዝሩን ራሱ ያነባል። የሴት ድምፅ አለው፤ ጥርት ያለ፣ ጉንፋን የማያውቀው። ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ራሱ ምልክት ያደርጋል። አባትሽ ያን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ።

«ረዳት፣ ምነው ዝም አሉ?»

«ሌላ ሰው እያነበበ ነው» አልኩት።

«ታዲያ እርስዎ ለምን መጡ?»

አንቱታው አያስደንግጥሽ። ሥራ ላይ ሳለ ረዳት አብራሪዎቹን አንቱ ነበር የሚለው፤ ለማዕረጉ ነው። እኔም ረዳት ከሆንኩ ከርሜያለሁ። በስሜ የጠራኝ መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ።

ነፍስ አባት የሴትዮዋን ድምፅ አጠፋልን። ይሄኛው ችግር ተፈታ እንበል። የቀጠለው ግን የሚጠፋ አልነበረም።

አባትሽ አውሮፕላኑን አስነሣና ወደ ደቡብ ዞረ። የድሮውን የሣር ሜዳ ፍለጋ መሆኑን አውቄያለሁ፤ መጀመሪያ የበረረበት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ የጫነበት፣ አንቺን ትከሻው ላይ አድርጎ ነፋስ መለኪያውን ጨርቅ ያስነካሽበት ሜዳ። ደረሰ። ሜዳው የለም። መጋዘን ተሠርቶበታል፤ ሰማያዊ ጣሪያዎች በተርታ፣ አንድም ሳይቀር ልክ እንደ እውነቱ።

«ሜዳው የት ሄደ?» አለ።

ነፍስ አባት ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሐቀኝነት ደግሞ ሰዓት አይመርጥም። «ጋሼ፣ እሱ እኮ መጋዘን ከሆነ አሥር ዓመቱ።»

«ዛሬ ጠዋት ከዚያ ነው የተነሣሁት።»

ከዚያ በላዩ መዞር ጀመረ። የማረፊያ ፈቃድ የሚጠብቅ አብራሪ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ አርባ ደቂቃ ዞረ። ሻይ አመጣሁለት፣ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ነፍስ አባት ለሙከራ ብሎ የሞላት ትንሽ ነዳጅ አለቀችና ሞተሩ ዝም አለ። ያንቺ ዕቃ ሁሉን በልኩ ስለሚያደርግ መሬቱም በልኩ ቀረበ። አባትሽ እጆቹን ከመሪው አንሥቶ ጭኑ ላይ አጣጠፋቸው። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ረዳቴስ?» አለ ወደ ነፍስ አባት ዞሮ። «ረዳቴ ተረፉ?»

ያ ሐቀኛ ሰው አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጫማው አየ። «ተርፈዋል ጋሼ» አለው። «ቤታቸው ገብተዋል።»

ውሸትም አይደል። ቤቴ ነበርኩ።

አንድ ቀን አይቼ ተስፋ የቆረጥኩ እንዳይመስልሽ። ከአዲሱ ጋር የመጣውን ሁለት መቶ ገጽ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ደራሲው ለአንባቢው ምንም ርኅራኄ የለውም። አሥር ቀን ሙሉ አባትሽ በዘጠኝ ሰዓት እየመጣ አዲሱ ወንበር ላይ ይቀመጥና አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ስክሪኑን ያያል። ቁልፎቹ ቦታቸው ሌላ ነው፤ እጁ ይሄድና ባዶ ያገኛል፣ ይመለሳል። ሐኪሙን ጠየቅሁ። አምና «አዲስ ነገር ይልመድ፣ አእምሮን ያነቃል» ብሎኝ ነበር፤ አንቺም የላክሽው ይህን ሰምተሽ ነው። አሁን «የሚወደውን ይሥራ» አለኝ። ሐኪም «የሚወደውን ይሥራ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አዲሱን ነቅዬ አንቺ ክፍል አስገባሁት። አልጋሽ ላይ አንሶላ አልብሼዋለሁ፤ ከበር ሲያዩት ሰው የተኛ ይመስላል። አክስትሽ «ሽጪውና ጣሪያሽን አሳድሺበት» ትላለች። ምክሯ እንደ ሁልጊዜው ጥሩ ነው፤ እንደ ሁልጊዜውም አልሰማኋትም። ያልሸጥኩት አንቺን ላለማስቀየም ብዬ እንጂ ዕቃውንስ አልወደድኩትም።

አሮጌውን ወደ ቦታው መለስኩ። ወንበሩን አዞርኩት። አባትሽ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እጁ ያለ ዓይኑ እርዳታ ቁልፉን አገኘው። «ረዳት፣ ያንብቡ» አለኝ።

አሁን ደግሞ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። አባትሽ በአሮጌው የሚበረው ወዴት እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ወደ አንቺ ነው። ከሣር ሜዳው ተነሥቶ አንቺ ያለሽበት ከተማ ለመድረስ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ ስለማይችል ሰዓቱ ሲሞላ እኔ በረራውን እንዳለ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ በማግስቱ ካቆምንበት አየር ላይ እንቀጥላለን። በአሥራ አንደኛው ቀን እናርፋለን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እንደገና ከሜዳው እንነሣለን፤ የመልስ ጉዞ ዕቅዱ ላይ የለም። ከአምና ጀምሮ ሃያ ሰባት ጊዜ መጥተንልሻል። ሊቀበለን የወጣ ሰው አላየንም፤ አይክፋሽ፣ በአሮጌው ላይ ሰው አልተሳለም።

«አባዬ ይጠይቀኛል?» ባልሽኝ ቁጥር «በየቀኑ ያገርሽን አየር ይጠይቃል» እልሽ ነበር። እሱ ውሸት አልነበረም። ዝርዝሩ ላይ ካለው ውጭ እሱ ራሱ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የመድረሻችን አየር እንዴት ነው?» ይላል። ማንም አብራሪ ስለ ማንም ከተማ እንደሚጠይቀው ነው የሚጠይቀው። ይህን ግማሽ ነው የዋጥኩብሽ።

አዲሱ ሳይመጣ፣ ገና ሰኔ ላይ፣ ነፍስ አባት አሮጌውን ከፍቶ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው።

«እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩ እያንኳኳ ነው።»

«ስንት ጊዜ አለው?»

«ወይ ዛሬ ወይ ከርሞ።»

«ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይገለበጥም?»

«ፕሮግራሙ የድሮ ነው፣ አዲሶቹ አይቀበሉትም። አንድ ነገር ልለምንዎ፤ አያጥፉት። ከጠፋ ላይነሣ ይችላል።»

ሐኪሙ ስለ አባትሽ ከነገረኝ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ ልዩነቱ ነፍስ አባት ከሦስት ወር በኋላ ብሎ ቀጠሮ አልሰጠኝም። ስለዚህ አናጠፋውም። ያ በስልክ የሚሰማሽ ጉርምርምታ እሱ ነው። መረጥኩ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ የሚቆየውን አንሶላ አልብሼ የሚሄደውን ያዝኩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማን ይቅደም እየተባባሉ ነው።

ትናንት አሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ወደ ከተማሽ ዝቅ ማለት ጀመርን፤ ግራጫዋ መንደርደሪያ ታየች። አየሩን አልጠየቀኝም። ሐሳቡ በማረፊያው ላይ ነው ብዬ ዝርዝሩን ቀጠልኩ።

«ፍላፕ?»

«ሠላሳ ዲግሪ።»

«ጎማ?»

እጁ ከመሪው አልተነሣም።

«ጎማ?» አልኩ ደግሜ። መንደርደሪያዋ ትሰፋለች። ወደ እኔ ዞረና ፈገግ አለ፤ መንገድ ላይ ሰላም ላለው፣ ስሙ ለጠፋው ሰው የሚሰጥ ዓይነት ፈገግታ። በጣም ጨዋ ሰው ነው አባትሽ። እጄን ዘርግቼ ማንሻውን ሳብኩና «ወርዷል፣ ተቆልፏል» አልኩ። እጆቹ አሳረፉት፤ ከእጆቹ በቀር ሌላ ያሳረፈው አልነበረም።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እንደገና ከሜዳው እንነሣለን። ሩብ ጉዳይ ስለሆነ ልቀስቅሰው። ለክረምት ፈቃድ ይሰጡኛል ብለሻል። ክረምት ጥሩ ነው። ሩቅ ነው ያልኩ እንዳይመስልሽ፤ ጥሩ ነው ነው ያልኩት። ስትመጪ አልጋሽ ላይ ያለውን እንግዳ አነሣልሻለሁ።

ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። በሄድሽበት የሚያርፉበት ሜዳ አይጥፋብሽ፤ የሚጠይቅሽ ሰው፣ የምትመልሺለትም ቃል አትጪ። ዕድሜሽ ከእኛ የተረፈውን ጨምሮ ይርዘምልሽ።

እናትሽ፣
ረዳት አብራሪ

እንዳልረሳው፦ መልስ ስትጽፊ የከተማሽን አየር በትክክል ጻፊልኝ፤ ነፋሱን፣ ዳመናውን፣ ሁሉንም። እስከ ዛሬ ከራሴ እየፈጠርኩ ነበር የምነግረው፤ ሁልጊዜ «ጥርት ያለ ነው» እለው ነበር። አሁን ባይጠይቅም ጻፊልኝ። እኔው እጠይቃለሁ፣ እኔው እመልሳለሁ።